ነጻ ሪፖ፣ አንድ ፍላሽ እና ታህሳስ 28

መጀመሪያ ራሴን ላጋልጥ። ለአምስት ዓመት ያህል የምትጽፈው የፕሮግራም ኮድ የት ነው ስባል መልሴ አንድ ነበር፤ "ኢንተርኔት ላይ አለ"። ላፕቶፕህ ቢሰረቅስ? ኢንተርኔት ላይ አለ። ሀርድ ዲስኩ ቢሞትስ? ኢንተርኔት ላይ አለ። አንድ ነገር አልሠራ ሲለኝም ያው ነው። የወጣውን ስህተት ገልብጬ ጎግል ላይ እለጥፋለሁ፣ ፕሮግራም ጻፊዎች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ አረንጓዴ ምልክት ያለበትን መልስ እፈልጋለሁ፣ ገልብጬ አስገባለሁ። ከሠራ አለቀ። ለምን እንደሠራ ማን ይጠይቃል።

ከዚያ ሰኔ 23 ቀን 2012 ጠዋት ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ።

አገር ቤት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሐጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ነው። ስለ ኮድ ማሰብ ራሱ ነውር የሚመስልበት ሰሞን ነበር፤ ስለዚያ ሐዘን እዚህ አላወራም። ግን ኢንተርኔቱ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይመለስ ቆየ፣ እኔ ደግሞ ቀን የተቆረጠለት ሥራ ይዤ ነበር።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ለአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማህበር የአባላት መዋጮ መመዝገቢያ ነው። አባሉ በየወሩ ይከፍላል፣ ወሩ 30 ካለፈው ቅጣት አለው፣ ቅጣቱን ሲስተሙ ራሱ ያሰላል። የመጀመሪያውን ክፍል ቢሯቸው ጭኜላቸው ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ የዓመቱን የባንክ ደረሰኞች አንድ በአንድ እያስገቡ ነው፣ እኔ ደግሞ የሪፖርቱን ክፍል እየጨረስኩ ነው።

ታዲያ ኢንተርኔቱ ከመጥፋቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ምን አደረግኩ? ላፕቶፔን ፎርማት። አዲሱን ኡቡንቱ ልጭን ብዬ። ፎቶዬን፣ ሙዚቃዬን፣ ያወረድኳቸውን ፊልሞች ሳይቀር ኤክስተርናል ላይ ገለበጥኩ። የኮዱን ፎልደር ግን ተውኩት። ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ሲመቸኝ ክሎን አደርገዋለሁ (ሙሉ ቅጂውን አወርደዋለሁ)። ፊልሙን አድኜ እንጀራዬን ጣልኩ ማለት ነው።

በሳምንቱ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደወሉ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ሰውን ያለ ጥፋቱ እየቀጣ ነው" አሉኝ። "ታህሳስ 30 የከፈለውን ሰውዬ ጥር 1 ከፈለ ብሎ ሃያ ብር ጨመረበት። መዝገቡም ደረሰኙም እጄ ላይ ነው፣ ምን ብዬ ልመልስለት?"

እሺ አየዋለሁ አልኳቸው። ምኑን ነው የማየው? ኮዱ የለኝም። ቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ ያለው ተጠቅልሎ ያለቀ፣ ከፍተው የማያነቡት ፋይል ነው።

አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ጀሞ ነው የሚኖረው። ደወልኩለት። "ከሁለት ሳምንት በፊት አውርጄው ነበር መሰለኝ፣ ቆይ ልይልህ" አለኝ። ላፕቶፑ እስኪነሳ የጠበቅኩት ደቂቃ እስከዛሬ አይረሳኝም። "አለ" አለኝ።

ነገሩ በረድ ሲል ከሽሮ ሜዳ ጀሞ ሄድኩ። የኮሮና ጊዜ ነው፤ ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ በእጥፍ ሒሳብ ነው የሚሄደው። ማስክ አድርጌ፣ ኪሴ ውስጥ ያለችውን 8 ጊጋ ፍላሽ ደጋግሜ እየዳበስኩ ደረስኩ። ጓደኛዬ ፎልደሩን ኮፒ ሊያደርግልኝ ሲል ቆይ አልኩት። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቼ፣ የኮድን ለውጥ ሁሉ ለሚመዘግበው ጊት ለሚባለው ፕሮግራም ጊት ክሎን ብዬ ጻፍኩና፣ ሁልጊዜ የኢንተርኔት አድራሻ የማስገባበት ቦታ ላይ የፎልደሩንና የፍላሹን አድራሻ አስገባሁ። ሠራ። ኢንተርኔት የት አለ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ቤት ገብቼ ከፍላሹ ላይ እንደገና ክሎን ሳደርግ ታሪኩ በሙሉ አብሮ መጣ፤ "ሙከራ" ብዬ ከጻፍኳት ከመጀመሪያዋ ኮሚት (የለውጥ መዝገብ) ጀምሮ፣ በቀንና በሰዓቱ።

አምስት ዓመት ሙሉ ጊት ስጠቀም ኖሬ ይሄን አላውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? በስም አውቀዋለሁ። ጊት የተከፋፈለ ነው፣ እያንዳንዱ ክሎን ሙሉ ቅጂ ነው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ አጥንቼዋለሁ። በሆዴ ግን ጊት ማለት ኮዴን በነጻ የማስቀምጥበት ድረ ገጽ ነበር።

ጊት ራሱ እንዴት እንደተወለደ ሳስብ ይበልጥ ይገርመኛል። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሠሪዎች ቢትኪፐር የሚባል የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ የንግድ ሶፍትዌር ከ2002 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በነጻ ይጠቀሙ ነበር። የድርጅቱ ንብረት ነው፣ እነሱ ግን በፈቃድ ነጻ። በኋላ በመሃል ጭቅጭቅ ተነሳና በ2005 ነጻ ፈቃዱ ተነሳባቸው። የሊኑክስ ጀማሪው ሊኑስ ቶርቫልድስ ኤፕሪል 3 የራሱን መሥራት ጀመረ፤ ኤፕሪል 7 ላይ ጊት የራሱን ኮድ ራሱ መያዝ ጀመረ። በጁን የወጣው የከርነል ቅጂ በጊት የተያዘ ነው። ነጻ የተሰጠው ዕቃ ተወሰደበት፣ ሠርቶ ተካው፣ ሲሠራም ማንም ዳግም እንዳይነጥቀው አድርጎ ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ መሣሪያ ይዘን ሄደን ሁሉን ነገር አንድ ሰው ቤት አስቀመጥነው።

ወደ ሃያ ብሩ ልመለስ።

ጓደኛዬ ጋ ያልነበረውን ሥራ በሦስት ቀን እንደገና ጻፍኩት (ከመጀመሪያው ተሻለ፣ የማይቀር ነገር ነው)። ስህተቱ ግን አልያዝ አለኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ብዙ ምሳሌ በስልክ አነበቡልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው፣ ሲስተሙ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ይቀይረዋል። የ2011 ቀኖች በሙሉ ልክ ናቸው። የ2012 ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ወደፊት ይዘላሉ። ከመጋቢት ጀምሮ ልክ ነው።

ኢንተርኔት ቢኖር ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። "የኢትዮጵያ ቀን መቀየሪያ አንድ ቀን ይሳሳታል" ብዬ እፈልጋለሁ፣ የሌላ ሰው ኮድ አገኛለሁ፣ የነበረውን አውጥቼ እሱን እተካለሁ። አሁን ግን እኔና ኮዱ ብቻ ነን። ሁለት ቀን የሰዓት አቆጣጠር ነው ብዬ ደረቅኩ። የኛ ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑ ይዘላል፣ የታወቀ ችግር ነው፤ ስለዚህ እሱ መሆን አለበት። እሱ አልነበረም። እሱ ቢሆን መጋቢትም ይሳሳታል። ይሄን ለማሰብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የታወቀውን መልስ መፈለግ እንጂ ፊቴ ያለውን ምልክት ማንበብ አልለመድኩም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጊት ብሌም የሚባለውን ትዕዛዝ ሞከርኩ። እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ እንደጻፈው ይነግራል። የቀን መቀየሪያውን ስልሳ መስመር ማን ጻፈው? እኔ። የኮሚቱ መልዕክት ምን ይላል? "ከኢንተርኔት የተገኘ"። አንድ ነጻ ሪፖ (ኮድ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ፎልደር) ላይ ብዙ ኮከብ አይቼ አምኜ የገለበጥኩት ነው፤ አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም። አነበብኩት። የሠራው ሰው ሠንጠረዥ ይዟል፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታህሳስ 1 ዲሴምበር 10፣ እያለ ይሄዳል። ቆንጆ ነው። ምኑ ነው ስህተቱ?

ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ጋር እያስተያየሁ፣ ጮክ ብዬ ስቆጥር እማዬ ቡና እየቆላች ሰማችኝ።

"ምን ሆነሃል ለብቻህ የምታወራው?"

"እማዬ፣ ገና በ29 አይደል?"

"በ29 ነው።" መቁያውን አወዛወዘች። "ዘንድሮ ግን በ28 ነው የዋለው።"

"ለምን?"

"ዘመነ ዮሐንስ አይደል እንዴ! አምና ጳጉሜ ስድስት ነበረች። ይሄ ሁሉ ትምህርት ተምረህ ይቺን አታውቅም?"

እርሳሱን አስቀመጥኩ። አለቀ፣ ተፈታ። 2011 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜ 6 ነበረች። ስለዚህ የ2012 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው እንጂ 11 አይደለም፤ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ነው መልሶ የሚገጥመው። ሠንጠረዡ ያንን አያውቅም። ጃንዋሪ 9 ለሱ ሁልጊዜ ጥር 1 ነው፤ የ2020 እ.ኤ.አ. ግን እውነቱ ታህሳስ 30 ነበር። ሰውዬው ቀኑን ጠብቆ ነው የከፈለው። ማስተካከያው አንድ መስመር ሆነ፤ ያለፈው ዓመት ለአራት ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ላሉት ወሮች መነሻውን አንድ ቀን ግፋ። በማግስቱ በፍላሽ ወስጄ ጫንኩላቸው። ሃያ ብሩ ተሰረዘ።

ይሄን ታሪክ ስነግራቸው አንዳንዶች "አየህ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ራስህን ቻልክ" ይሉኛል። ራሴን አልቻልኩም፤ እናቴን ጠየቅኩ። ልዩነቱ ስጠይቅ ምን እንደማላውቅ ማወቄ ነው። ሦስት ቀን ታግዬ፣ ከመጋቢት በኋላ ልክ መሆኑን አይቼ፣ ታህሳስ ላይ ቆሜ ነው የጠየቅኳት። በመጀመሪያው ቀን "እማዬ ሲስተሙ አልሠራ አለ" ብላት ቡናዋን ትቆላ ነበር።

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የማየው ግን ይሄው ነው። የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ግማሹ አይነበብም፣ ዋናው መስመር ተቆርጧል፣ ከሥሩ "ብሮ ሄልፕ" ይላል። አልፈርድም፤ እኔም ልኬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ በቂ ነው፤ ስህተቱን አንብቡት። ፓይተን ከሆነ የመጨረሻውን መስመር አስቀድማችሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ፤ የናንተ ፋይል ስም ያለበት መስመር ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ከዚያ ጥያቄውን ለግሩፑ እንደምትልኩት አድርጋችሁ በሙሉ ጻፉት፤ ምን አደረግኩ፣ ምን ጠበቅኩ፣ ምን ሆነ፣ ምን ሞከርኩ። እኔ ከምጽፋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ሳይላኩ ይቀራሉ፣ ምክንያቱም አራተኛዋን ስጽፍ ያልሞከርኩት ነገር ትዝ ይለኛል።

በሌላ በኩል ደግሞ ለጠየቀ ሁሉ "ጎግል አድርግ" የሚሉ አሉ። ይሄም አይመቸኝም። ጀማሪው ምን ብሎ እንደሚፈልግ ቃሉን አያውቅም፤ ቃሉን ብትነግረው ግማሽ መንገድ ሄደ። እኔም አንዴ በጉራ አልጠይቅም ብዬ አራት ቀን አቃጥያለሁ። የሠራሁት ፕሮግራም ፍለጋ ላይ "ስራ" ብለው ሲጽፉ "ሥራ" የተባለው አይወጣም። አንድ ትልቅ ሰው በአሥር ደቂቃ ነገሩኝ፤ ለኮምፒውተሩ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ምንም የማይገናኙ ፊደላት ናቸው፣ ከመፈለግህ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ አምጣቸው። አራት ቀን! አሁን ለራሴ የሰጠሁት ግማሽ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ።

ኢንተርኔት ሳይጠፋ ደግሞ አዘጋጁ። ዚል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የቋንቋዎቹን ማኑዋል ኮምፒውተራችሁ ላይ ያስቀምጣል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያንና የስታክ ኦቨርፍሎውን ጥያቄና መልስ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት እንድታነቡ ያደርጋል፤ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሌሊት ላይ ነው የሚወርደው። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ማኑዋሉ አስቀድሞ አለ፤ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የማገኛቸው ብዙ የጊት መልሶች ከዚያ የተቀዱ መሆናቸውን ያኔ ነው ያየሁት።

አሁን ስለ ነጻ ቤቱ፣ ኮዳችንን ስለምናስቀምጥባቸው ድረ ገጾች።

ውጭ አገር ያሉ ጓደኞቼ ይሄን ስነግራቸው "ከፍለህ ተጠቀም፣ በወር አራት ዶላር ናት" ይሉኛል። አራት ዶላሯ አይደለችም ችግሩ፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ነው። አብዛኞቻችን የለንም። እዚህ ነጻ የምንጠቀመው ቆጣቢ ስለሆንን ብቻ ሳይሆን የሚከፈትልን በር እሱ ስለሆነ ነው። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ጊትሀብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ላይ ኮድህን ለመደበቅ መክፈል ነበረብህ፣ ለአንድ ሰው በወር ሰባት ዶላር። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ ወይ ቢትበኬት የሚባለው ሌላ ማስቀመጫ ይሄዳል፣ ወይ ሁሉን ነገር አደባባይ ያሰጣል። እኔ አስጥቼ የደንበኛ ዳታቤዝ ፓስወርድ አብሮ ወጥቶብኛል። እንዲህ ከሆነባችሁ ፋይሉን ማጥፋት አይጠቅምም፤ በታሪኩ ውስጥ ይቀራል። አስቀድማችሁ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ስለ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ታስባላችሁ።

ነጻ ቤት መጥፎ ነው አልልም። እጠቀማለሁ፣ ነገም እጠቀማለሁ። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይወስደዋል። የጉግል የኮድ ማስቀመጫ፣ ጉግል ኮድ፣ በ2006 ተከፈተ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በ2016 መጀመሪያ ተዘጋ፤ ጉግል ነው እንግዲህ፣ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። የማይክሮሶፍት ኮድፕሌክስ በ2017 ሄደ። ቢትበኬት በ2020 መርኪዩሪያል የሚባለውን የጊት ዓይነት መሣሪያ ትቶ ጊትን ብቻ ያዘ፤ ሳያዛውር የዘገየ ሰው ሪፖው ጠፋበት። እነዚህ እንኳ ወራት ሰጥተው ነው። ኮድ ስፔስስ የሚባል ድርጅት በ2014 አንድ ሰርጎ ገብ የደመና ሰርቨሩን መቆጣጠሪያ ይዞበት መጠባበቂያውን ጨምሮ አጠፋበት፤ ድርጅቱም በዚያው ተዘጋ። በ2019 ደግሞ ጊትሀብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የኢራን፣ የሶርያና የክራይሚያ ሰዎችን አካውንት ገደበ። የኢራኖቹ ፈቃድ ተገኝቶ የተከፈተው በ2021 ጃንዋሪ ነው። ሰዎቹ ያጠፉት ነገር የለም፤ አገራቸው ነው።

የኔው ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ተራ ነገር ነበር። ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ተሰረቀ። ኮዴን ያስቀመጥኩበት አገልግሎት ስገባ በስልኩ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ይጠይቃል። ስልኩ ቢጠፋ የሚያገለግሉትን የመጠባበቂያ ቁጥሮች የት አስቀመጥኳቸው? ስክሪንሾት አንስቼ፣ ስልኩ ላይ። ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍኩ፣ አንተ መሆንህን ማረጋገጥ አንችልም አሉ። ልክ ናቸው፣ ሌባውም እንደዚያው ብሎ ሊጽፍላቸው ይችላል። አካውንቱ እንደተዘጋ ቀረ።

ኮዱ ግን አንድ መስመር አልጠፋም። ከዚያ ክረምት ወዲህ ሁለት ቤት ነው የማስቀምጠው። ጊት ላይ ለአንዱ ሪሞት (የሩቅ ማስቀመጫ) ሁለት የፑሽ (የመላኪያ) አድራሻ መስጠት ይቻላል፤ አንዴ ፑሽ ስትሉ ሁለቱም ጋ ይሄዳል። አንድ ወጥመድ አለው፤ የመጀመሪያውን የፑሽ አድራሻ ስትጨምሩ የነበረውን ይተካዋል እንጂ አይደርብም። ስለዚህ የድሮውንም ደግማችሁ አስገቡት፣ ከዚያ ሁለቱም መኖራቸውን እዩ። እኔ ሳላይ ሁለት ወር ሁለት ቦታ የምልክ እየመሰለኝ አንድ ቦታ ስልክ ነበር። ሁለተኛው አሁን ኮድበርግ ነው፤ ጀርመን ያለ ለትርፍ ያልቆመ ማህበር ነው፣ ለክፍት ኮድ ብቻ የሚሆን። የተዘጋ ሥራ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

የደንበኛ ሥራ ደግሞ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ባዶ ሪፖ ከፍቼ፣ ዓርብ ዓርብ ፑሽ አደርጋለሁ። በተጨማሪ ጊት ባንድል የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ሪፖውን ከነታሪኩ ጠቅልሎ አንድ ፋይል ያደርገዋል። የኔ ትልቁ ሪፖ ተጠቅልሎ ከአንድ ዘፈን አይበልጥም። ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልከዋለሁ። ከሱ ላይ ክሎን ይደረጋል፣ ልክ እንደ አድራሻ። በሁለት ወር አንዴ ባዶ ፎልደር ከፍቼ ከዚያ ክሎን አድርጌ ፕሮግራሙ እንደሚነሳ አያለሁ። ይሄን አትዝለሉት። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድርጅት ውስጥ አንድ ሠራተኛ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሲያጠፋባቸው የመጠባበቂያ ዘዴዎቻቸው አንድም በትክክል እንደማይሠራ ያኔ ነው የታወቀው፤ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። እነሱ ባለሙያዎች ናቸው።

የጠፋብኝ ኮድ ሳይሆን ኢሹዎቹ ናቸው። ደንበኛው የጠየቀውን ሁሉ፣ ለምን እንደተወሰነ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ሁሉን እዚያ ድረ ገጽ ላይ ነበር የምጽፈው። ጊት ያንን አያወርድም። ክሎን ስታደርጉ የሚመጣው ኮዱና ታሪኩ ነው፤ ውይይቱ የቤቱ ነው። አሁን ዋና ዋናውን ሪፖው ውስጥ ባለች አንዲት የጽሑፍ ፋይል ላይ እጽፋለሁ። አያምርም፣ ግን የኔ ነው።

ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ አትሂዱ። እኔ ሄጄ ነበር። ስልኩ በተሰረቀ ሰሞን በንዴት "ከአሁን በኋላ ሁሉን ራሴ ነው የምይዘው" ብዬ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጊቲ የሚባለውን፣ የራስህን የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ የሚያስነሳ ፕሮግራም ጫንኩ። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፣ በትንሽ ማሽን ይሠራል፣ ቀኑን ሙሉ እንደ አዲስ ሙሽራ ሳየው ዋልኩ። ማታ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ሃያ ደቂቃ ነበር የሚይዘው። በሦስተኛው መጥፋት ዲስኩ አልነሳ አለ። ጓደኛዬ ከቤቱ ሊገባ ሲሞክር ደግሞ የቤቴ የኢንተርኔት አድራሻ ተቀይሯል። ማዘመን፣ መጠበቅ፣ መጠገን፤ የኔ ሥራ መዋጮ መመዝገቢያ መጻፍ ነው ወይስ ሰርቨር ማስታመም? ቢሮ ጄኔሬተር ያለው፣ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ያለው ይሞክረው። ለኔ ዓይነቱ ዲስክና ፍላሽ ይበቃዋል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን የቀን መቀየሪያ የገለበጥኩበትን ሪፖ መክፈት ነበር፣ ስህተቱን ላሳውቅ ብዬ። ሌላ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት አሳውቆታል። መልስ የለም። ባለቤቱ ሥራ ቀይሮ ይሆናል፣ ትቶት ይሆናል፤ በነጻ የሰጠ ሰው ደግሞ ዕዳ የለበትም። ያኔ ነው የፈቃድ ፋይልም እንደሌለው ያየሁት። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ኮድ አደባባይ ስለተቀመጠ ብቻ ውሰዱት ማለት አይደለም። ፈቃድ ካልተጻፈበት መብቱ የጻፈው ሰው ነው፣ ማየት ትችላላችሁ፣ ሸጣችሁ ለደንበኛ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ኤምአይቲ ወይም አፓቺ የሚል ፈቃድ ካለበት ተገላገላችሁ፤ ጂፒኤል ካለ ግዴታውን አንብቡ። እኔ ስልሳውን መስመር አወጣሁና በእርሳስ ከቆጠርኩት ተነስቼ የራሴን ጻፍኩ። ሠላሳ አንድ መስመር ሆነ። ከኤምአይቲ ፈቃድ ጋር በነጻ ለቀቅኩት፣ ሁለቱም ቤት አለ።

የመጀመሪያዋ መፈተሻ ታህሳስ 28 ቀን 2012 ጃንዋሪ 7 ቀን 2020 መሆኑን ትፈትሻለች። ከጎኗ ማስታወሻ ጽፌአለሁ፣ "ካልገባህ እናትህን ጠይቅ" ይላል። ባለፈው አንድ ሰው ኢሹ ከፍቶ ማስታወሻው ተገቢ አይደለም፣ ይነሳ አለ። ገና አልመለስኩለትም።

የቀን መቀየሪያ ያለው ሲስተም የምትሠሩ ካላችሁ የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ኮዳችሁ ውስጥ ያንን ቀን አስገቡና ምን እንደሚል እዩት።